የዘይት እድፍ በመኪና ሞዴል ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አነስተኛ የመኪና ሞዴሎችን አገልግሎት የሰጡ ለማስመሰል ከሚደረጉት የማስረጀት ሥራዎች መካከል የዘይት እድፍን ያህል በቀላሉ የሚበላሽ የለም። የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ ሠሪው ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት ስለ ዘይት በያዘው የተሳሳተ ግምት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ግምት የዘይት እድፍ ጥቁር ነው የሚለው ነው። አዲስ የሞተር ዘይት የማር ቀለም ያለው ሲሆን የሚጠቁረው በአገልግሎት ብዛት ነው፤ የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ስለሚበዛበት ዘይቱ በተቀየረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጠቁራል። ያ የጠቆረ ዘይት እንኳ በስሱ ሲዘረጋ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በርንት አምበር የተባለውን ጥቁር ቡናማ የሠዓሊ የዘይት ቀለም (በተልባ ዘይት የተሠራ ቀለም) ከጥቂት ጥቁር ጋር ቀላቅሎ፣ በአኳራጅ አቅጥኖ፣ እያደረቁ በስሱ መደራረብና መሃሉን ብቻ ማጥቆር ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ ሞዴሉን የሚያጋልጠው ግን ዘይት ምንጊዜም የሚንጠባጠበው ከመኪናው ፊት ነው የሚለው እምነት ነው። በመሃል አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ያገለገሉት የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ሞተራቸው ከፊት ወንበሮች ሥር በመሆኑ ጠብታቸው የሚያርፈው ከፊት ፓራውልቱ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው የላዳ ታክሲ ሞተሯ ከፊት ቢሆንም ኃይሉን የሚቀበለው የኋላ ጎማ ስለሆነ፣ ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ)፣ ከካምቢዮውና ከኋላው ዲፈረንሻል፣ ማለትም ከሦስት የተራራቁ ቦታዎች ልታፈስ ትችላለች። አሮጌው ቮልስዋገን ደግሞ ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው፤ በዚህ ሞዴል ፊት ሥር የሞተር ዘይት የቀባ ሰው መኪናውን አላወቀውም ማለት ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ በቆመ መኪና ሥር ያለው እድፍ ክብ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ ታች ይረዝማል። መኪናው ሲሄድ ከሥሩ የሚያልፈው ነፋስ የፈሰሰውን ዘይት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከጎማው መሃል የሚያፈስ ከሆነም የጎማው መሽከርከር ዘይቱን በቸርኬው ላይ ከመሃል ወደ ዳር ይረጨዋል። ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ መኪና ተነሥቶ የሄደበትን ቦታ ጎንበስ ብሎ ማየት ከብዙ ሥዕል የበለጠ ያስተምራል፤ ይህን ሳያደርጉ ሥራ መጀመር ተገቢ አይመስለኝም።

እድፍ ሁሉ ያብረቀርቃል የሚሉም አሉ። የሚያብረቀርቀው ትኩሱ ዘይት ነው፤ የቆየው በተለይ በበጋ አቧራ እየጠጣ ይፈዝዛል፣ ይወፍራልም። አንድ መኪና ለወራት ካፈሰሰ ሁለቱም በአንድ ቦታ ይገኛሉ፦ ሰፊውና ደብዛዛው ከሥር፣ ትንሹና አንጸባራቂው ከላይ። ለደብዛዛው የዘይት ቀለሙን ለግማሽ ሰዓት ያህል ካርቶን ላይ አሳርፎ በውስጡ ያለውን የተልባ ዘይት ማስመጠጥ፣ ለትኩሱ ደግሞ አንጸባራቂ ቫርኒሽ መጨመር ያስፈልጋል።

እውነተኛ የሞተር ዘይት ቢቀባ ይበልጥ እውነት ይመስላል የሚለው ሐሳብ ፈጽሞ አይሠራም። በዘይት ቀለም ውስጥ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል፤ የሞተር ዘይት ግን አይደርቅም፤ ሞዴሉ ላይ እርጥብ እንደሆነ ይቆይና የቤት አቧራና ጸጉር ይሰበስባል።

ማቅጠኛ ሁሉ አንድ ነው ማለትም ጉዳት ያመጣል። ቲነርና አሴቶን ሞዴሉ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ያሟሟሉ። አኳራጅ ለዘብ ያለ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ቀለም በሚገባ ደርቆ ግልጽ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ፣ አስቀድሞም የሞዴሉ ክፍሎች ተነቅለው በሚተርፈው የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተሞክሮ ቢውል ይመረጣል።

በመጨረሻ የሚዘነጋው መጠን ነው። በእውነተኛው መኪና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እድፍ በ1፡35 ሞዴል (ከእውነተኛው 35 ጊዜ በሚያንሰው) 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ፣ በ1፡24 ደግሞ ከ4 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከብሩሽ ጫፍ የወደቀ አንድ ወፍራም ጠብታ በ1፡35 ሞዴል ላይ የባልዲ ዘይት ሊመስል ስለሚችል፣ ብሩሹን በወረቀት አድርቆ ወይም በጥርስ እንጨት ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ፣ የበዛውንም ሳይደርቅ በአኳራጅ በራሰ ንጹሕ ብሩሽ ማንሳት ይቻላል።