ስለተቀየሩ መኪኖች ኢንሹራንስ ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች

በቨርጂኒያ የመኪና ኢንሹራንስ ወኪል ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዶጅ ቻርጀር ወይም ኢንፊኒቲ የገዙ ወጣቶቻችን ማርሚታውን ቀይረው፣ ሞላውን አሳጥረውና በሞተሩ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ፕሮግራም አስጭነው ሲያበቁ አረቦኑ በየስድስት ወሩ ለምን እንደሚጨምር ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አብረውት የሚመጡት እምነቶች ግን ቤተሰብ ሲጎዱ አይቻለሁ።

«ቀይ መኪና ያስወድዳል» ይባላል። አያስወድድም፤ ኩባንያው መኪናውን የሚለየው በሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ቀለም አይጻፍም።

«500 ዶላር ለመንግሥት ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻላል» የሚለውም ከጁላይ 1 ቀን 2024 ወዲህ ቀርቷል።

«እኔ አጋጭቼ አላውቅም፤ ለምን ይጨመርብኛል?» ዋጋው የሚሰላው በአንድ ሾፌር ታሪክ ብቻ ሳይሆን በተመሳሳይ መኪኖች ሁሉ ላይ በደረሰው ኪሳራም ነው። በ2023 የአሜሪካ የሀይዌይ ኪሳራ መረጃ ተቋም ባወጣው ጥናት ከ2020 እስከ 2022 ሞዴል ያሉት የቻርጀር ሄልካት (ከፍተኛ ጉልበት ያለው የቻርጀር ዓይነት) መኪኖች የስርቆት ካሳ ጥያቄ ከአማካዩ ከ60 እጥፍ በላይ ነበር፤ ይህን ኪሳራ ጠንቃቃውም ባለቤት ይጋራል። በዚያ ላይ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት ከ30 ሺህ ወደ 50 ሺህ ዶላር ከፍ ብሏል።

«ካልነገርኳቸው ከየት ያውቃሉ?» የሚለውን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ኩባንያው ውል ሲገባ ብዙ ጊዜ መኪናውን በዓይኑ አያይም፤ የሚያየው በአደጋው ማግስት ነው። ያን ዕለት የጉዳት ገማቹ ኮፈኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ ያነሣል፤ ባለመኪናው ራሱ በቲክቶክ የለቀቀው ቪዲዮም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በማመልከቻው ላይ የተሰጠው መልስ ሐሰት እንደነበረና ለስጋቱ ግምት ወሳኝ እንደነበረ ኩባንያው በግልጽ ካስረዳ፣ የቨርጂኒያ ሕግ ካሳውን እንዲከለክል ይፈቅድለታል።

በሌላ ወኪል በኩል ውል የገባ አንድ ወጣት ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት እያስገባ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምር ዕቃ) ያስገጠመበትን መኪና «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ፈርሞ ነበር። አንድ ሌሊት ከመንገዱ አጥር ጋር ተላትሞ መኪናው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ኩባንያውም ካሳውን ከለከለ። አባትየው ልጃቸውን ይዘው ወደ እኔ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ምንም ላደርግላቸው አልቻልሁም። በእሳቸው ዋስትና የተወሰደው የባንክ ብድር ግን እንዳለ ነው፤ በሌለ መኪና ላይ፣ ታክሲ እየነዱ፣ ዛሬም ወር በወር ይከፍላሉ።

የነገሩትም ቢሆኑ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ፤ የገጠምሁት ሁሉ ይከፈለኛል» ብለው ይሳሳታሉ። በብዙ ውሎች ለተጨማሪ ዕቃዎች የሚከፈለው ጣሪያ 1,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ለብቻው ሽፋን መግዛት አለበት። ስለዚህ ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ለወኪላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ደረሰኙንና ፎቶውን ከመኪናው ውጭ አስቀምጡ። የሚጨምረውን አረቦን አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ዕቃውን የምትገዙበት ገንዘብ ላይ ደምሩት፤ ድምሩ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ማርሚታው ይቆይ።

ወላጆችም፣ መኪናውን በየቀኑ የሚነዳው ልጃችሁ ከሆነ ዋና ሾፌር እኔ ነኝ ብላችሁ አትፈርሙ፤ ያም የሐሰት መልስ ነው።