ምልክቱ አንድ፣ ጉልበቱ ብዙ፦ ሲናፕስ ላይ ምን ይከናወናል?

እሑድ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የእህቴ ልጅ የባዮሎጂ ደብተሯን ገለጠች። «አጎቴ፣ የነርቭ ምልክት ወይ ይነሳል ወይ አይነሳም፣ ግማሽ የለውም ይላል። ታዲያ እንዴት አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ደካማ ይሆናል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ደስ አለኝ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

አብዛኞቹ የነርቭ ሴሎች አይነካኩም። ሲናፕስ በሚባለው መገናኛቸው ላይ 20 ናኖሜትር ገደማ ክፍተት አለ። የኤሌክትሪክ ምልክቱ እዚያ ሲደርስ ያበቃል፤ መንገድ ሐይቁ ዳር እንደሚያበቃው። ከዚያ ወዲያ መሻገሪያው ታንኳ ነው፤ ታንኳው ደግሞ ኬሚካል።

ምልክቱ የሴሉ ጫፍ ሲደርስ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ። ካልሲየም ይገባል። ኬሚካል ያዘሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ከሴሉ ሽፋን ጋር ይዋሃዱና ይዘታቸውን ክፍተቱ ውስጥ ያፈሳሉ። በአንዱ ከረጢት ብቻ ሺዎች ሞለኪውሎች አሉ። ማዶ ያለው ሴል ሽፋኑ ላይ ባሉት፣ ተቀባይ በሚባሉ ፕሮቲኖች ይይዛቸዋል።

የጉልበቱ ልዩነት እዚህ ነው። ምልክቱ ያው ነው፤ የሚፈሱት ከረጢቶች ቁጥር ግን ይለያያል። አንዳንዴ አንድም አይፈስም! ምልክቶች ቶሎ ቶሎ ሲከታተሉ የፊተኛው ካልሲየም ተጠራርጎ ሳይወጣ ሌላ ይጨመርበታል። ያኔ በብዙ ሲናፕሶች ልቀቱ ይበረታል። ከልክ ካለፈ ደግሞ የተዘጋጁት ከረጢቶች ያልቃሉ፤ ልቀቱም ይደክማል።

ማዶም ዝም ብሎ አይቀበልም። ተቀባዮቹ ሲበዙ ያው መጠን ኬሚካል የበለጠ ይሰማል። እሷ ደብተሯን ደጋግማ ስታጠና አንጎሏ ውስጥ ከሚለወጡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።