በኩላሊት እጥበት ላይ ላለ ሰው «የታካሚ ተሳትፎ» ምንድን ነው?

የኩላሊት እጥበት በአብዛኛው በሳምንት 3 ቀን ነው፤ በአንዱ ቀን 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። አቅም አጥሮት 2 ቀን ብቻ የሚታጠብም አለ። ሳምንቱ ግን 168 ሰዓት አለው። 3 ቀን ለሚታጠብ ሰው 12ቱን ማሽኑ ይዞለታል፣ 156ቱ የታካሚው ነው። ተሳትፎ የሚባለው በዚህ በቀረው ሰዓት የሚሠራው ሥራ ነው፦ ሕመሙን ማወቅ፣ ቤት ውስጥ ራስን መጠበቅ፣ ያልገባውን መጠየቅ፣ ሲወሰንም አብሮ መወሰን።

ጅማ ላይ ፈተናው ከቡና ይጀምራል። አንዲት እናት እናስብ። በእጥበታቸው ማግስት ጎረቤት «ቡና ጠጡ!» ብላ ትጣራለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እምቢ ማለት ይከብዳል። ሽንታቸው ግን ከቆመ ቆይቷል፤ የጠጡት ሁሉ እዚያው ሰውነታቸው ውስጥ ይቀራል። 1 ሊትር ፈሳሽ ሚዛን ላይ 1 ኪሎ ነው። ቡናው በጨው ከሆነማ ጥሙ ይብሳል። ፈሳሹ ሲበዛ እግር ያብጣል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል። ማሽኑ ያን ሁሉ ባንዴ ሲያወጣ ደግሞ ግፊት ይወርዳል፣ ጡንቻ ይሸማቀቃል።

እኚህ እናት ጠዋት ጠዋት ይመዘናሉ። ትርፍ ውሃ የሌለበትን ኪሏቸውን፣ «ደረቅ ክብደት» የሚባለውን፣ በቃላቸው ይዘውታል። የቀኑን ውሃ በአንድ የላስቲክ ጠርሙስ ለክተው ያስቀምጣሉ። ቡና ከጠጡ የስኒዋን ያህል ከጠርሙሱ ይደፋሉ። ለጎረቤታቸውም «ለኔ አቦሏን ብቻ፣ ያለ ጨው» ብለው ነግረዋታል።

ሙዝና አቮካዶም አሉ። ጤና ናቸው ተብለን አድገናል። ለእሳቸው ግን በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ሲከማች ልብን ሊያቆም ይችላል፤ በተለይ እጥበቱ ሲራራቅ። ክንዳቸው ላይ ለእጥበቱ ተብሎ ደም ቅዳና ደም መልስ የተጋጠሙበት ፊስቱላም አለ (ከወሊድ ጋር ከሚነሳው ፊስቱላ ጋር አይገናኝም)። በየቀኑ በጣታቸው ንዝረቱን ይዳስሳሉ። ንዝረቱ ከጠፋ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በዚያ ክንድ ግፊት አያስለኩም።

ታካሚ በራሱ ሕክምና ምን ያህል እንደሚሳተፍ የሚለካ መጠይቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጁዲት ሂባርድና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ነው፤ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፣ ታካሚዎችንም በ4 ደረጃ ይከፍላል። «ጤናዬ የሐኪሙ ሥራ ነው» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ታች ነው። እኔ ግን ታች ያለውን ሰው ሰነፍ ለማለት አልደፍርም። ከእጥበት የወጣ ሰው ይዝላል። የሚቀጥለው ክፍያ ከየት ይመጣል የሚለው እንቅልፍ ይነሳዋል። አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ሰው ምክሩ ሁሉ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ምኑን ይያዘው?

እኚያ እናት አልጋው ላይ ሲወጡ ሲስተሯን ይጠይቃሉ፦ «ልጄ፣ ዛሬ ስንት ሊትር ልታወጪልኝ ነው?» ሲስተሯ ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ታሳያቸዋለች። «ባለፈው ይሄን ያህል ስታወጪልኝ አዞረኝ» ይላሉ። ሐኪሙ ይጠራል፣ ቁጥሩም እንደገና ይታያል።