ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከሚለው ጋር ተደርቦ ይፈታል። ድሩ ግን የሚናገረው ስለ ኃይል ነው፤ ሎሚው ስለ ድርሻ። አንዱ ሎሚ 60 ግራም ቢመዝን ሃምሳው 3 ኪሎ ነው፤ ወገብ አያጎብጥም። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው፦ ለሃምሳ ድቡልቡል ነገር ሁለት እጅ አይበቃም፤ አንዱን ሲያነሱት ሌላው ይንከባለላል። ለየሰው አንድ አንድ ሲደርስ ግን እየጨበጡ የሚያሸቱት፣ በጥምቀት ጎረምሳው ወደ ወደዳት ልጅ የሚወረውረው ጌጥ ይሆናል። እንግዲህ አባባሉ የቆመው እኩል በመካፈል ላይ ነው።

እንዲህ ያለ አከፋፈል በአገሮች መካከልም ታይቷል። በወቅቱ የብሪክስ ስብስብ አባላት የነበሩት ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ህንድ፣ ቻይናና ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 በብራዚሏ ፎርታሌዛ ከተማ ባደረጉት ጉባኤ «አዲሱ ልማት ባንክ» የተባለውን የጋራ ባንክ የማቋቋሚያ ስምምነት ሲፈርሙ የተካፈሉት መነሻ ካፒታል፣ ግጥምጥሞሹ ደስ ይላል፣ 50 ቢሊዮን ዶላር ነበር። እያንዳንዳቸው 10 ቢሊዮን ያዙ። ከዚህ በጥሬው የሚከፈለው 2 ቢሊዮን ነው፤ እሱም በሰባት ዙር። ቀሪው 8 ቢሊዮን ባንኩ ዕዳውን መክፈል ቢያቅተው የሚጠየቅ ዋስትና ነው። ድምፅ በአክሲዮን ስለሚቆጠር ደቡብ አፍሪካ ከቻይና እኩል ትመርጣለች፤ ውሳኔን ብቻውን የሚሽር አባልም የለም።

በዚያው ጉባኤ የተፈረመው፣ አባላቱ የውጭ ምንዛሪ ሲያጥራቸው የሚበደሩበት የ100 ቢሊዮን ዶላር መጠባበቂያ ግን ሎሚውን እኩል አላካፈለም። ቻይና 41፣ ብራዚል፣ ሩሲያና ህንድ 18፣ 18፣ ደቡብ አፍሪካ 5 ቢሊዮን ቃል ገቡ። ሸክሙ በአቅም ሆነ፤ ጥቅሙ ደግሞ ተገላቢጦሽ፦ ደቡብ አፍሪካ የገባችውን እጥፍ፣ ቻይና የገባችውን ግማሽ መበደር ይችላሉ። ለደካማው ያደላ ስሌት ነውና ከአባባሉ መንፈስ አልራቀም። ሁለት ነገር ግን ያላላዋል። አንደኛ፣ ገንዘቡ አንድ ቦታ አልተቀመጠም፤ እስኪጠየቅ ድረስ በየአገሩ ካዝና ነው። ሁለተኛ፣ በ2014ቱ ስምምነት መሠረት ሊበደር ከሚችለው 30 በመቶ በላይ የሚፈልግ አገር ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር የብድር ፕሮግራም ሊኖረው ይገባል። ደቡብ አፍሪካ መበደር ከምትችለው 10 ቢሊዮን በዚህ ስሌት ያለዚህ ቅድመ ሁኔታ የምታገኘው 3ቱን ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ብሪክስን ስትቀላቀል ብዙ ሰው የባንኩም ባለድርሻ የሆነች መስሎት ነበር። በሮቹ ለየብቻ ናቸው። ባንግላዴሽ የብሪክስ አባል ሳትሆን በ2021 ባንኩን ተቀላቅላለች፤ ግብፅም የባንኩ አባል የሆነችው ከብሪክስ ቀድማ ነው። የባንኩን ሎሚ የሚያስይዘው ለብቻው አመልክቶ፣ በገዥዎች ቦርድ ጸድቆ፣ አክሲዮን መፈረም ነው።