የቢኤልኤስ ሥልጠናና ሰርተፍኬት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው

ቢኤልኤስ ልቡ መምታት ያቆመን ወይም መተንፈስ ያቃተውን ሰው፣ ሙሉ ሕክምና እስኪያገኝ ድረስ በእጅና በጥቂት መሣሪያ የማቆየት ሙያ ነው። ደረት መጫን፣ ትንፋሽ መስጠትና ኤኢዲ በሚባለው ማሽን የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ ማስተካከል ዋናዎቹ ናቸው። ጉሮሮው የታነቀን ሰው መርዳትም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

በእኛ አካባቢ ወረቀቱን በብዛት የሚፈልጉት ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። ድሬ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ጀጎልና ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች አሉ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅም ያለው ሐረር ነው። የሙያ ፈቃድ ሲታደስ ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና) ይጠየቃል። ወደ ሳዑዲ ወይም ዱባይ ሊቀጠር ያሰበ ነርስ ደግሞ የቢኤልኤስ ካርድ አምጣ መባሉ የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ሥልጠናውን የሚያስበው እንደ አንድ ማመልከቻ ሰነድ ነው። የሙያው ትልቁ ጥቅም ግን ያለው ከሆስፒታል ግቢ ውጭ ነው።

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲወድቅ የሚሆነው ይታወቃል። ሕዝብ ይከባል። አንዱ «አየር ስጡት!» ይላል፣ ሌላው ውኃ ይደፋል፣ ሦስተኛው ክብሪት ወይም ሎሚ ያሸትታል። ከዚያ ባጃጅ ተጠርቶ ሩጫ ነው። ለአፍታ ራሱን የሳተ ሰው ይሄ ሁሉ ቢሆንበትም መንቃቱ አይቀርም። ልቡ የቆመ ሰው ግን ጊዜ የለውም፤ አንጎሉ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ ታጥፎ የተጫነን ሰው ደረት በደንብ መጫን ደግሞ አይቻልም። ጠንካራ ወለል ያስፈልጋል፤ በጀርባው መተኛት አለበት። የሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖር ሰው ችግሩ ሌላ ነው። ቤቱ መኪና በማያስገባ ጠባብ መንገድ ውስጥ ከሆነ፣ 907 ተደውሎ አምቡላንስ በቶሎ ቢመጣ እንኳ ቀሪው መንገድ በእግር ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሙ ጎረቤት ነው።

ክፍል ውስጥ ትምህርቱ የሚጀምረው በማወቅ ነው። ትከሻውን መታ መታ አድርገህ ትጠራዋለህ። ካልመለሰ እርዳታ ትጠራለህ፣ ከዚያ ትንፋሹንና የአንገት ምቱን አንድ ላይ ታያለህ፤ ከ10 ሰከንድ በላይ አይፈቀድም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልቡ የቆመ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሊያጣጥር ይችላል። ያየው ሁሉ «ኧረ ይተነፍሳል!» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ያ ትንፋሽ አይደለም፤ መጫን መጀመር አለበት።

የአዋቂ ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ6 ማለፍ የለበትም። 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ሁለት ባለሙያዎች ሕፃን ሲረዱ 15 በ2 ይሆናል። በየጊዜው ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ልብ በደም የሚሞላው ያኔ ነውና። ጀማሪ ቡና እንደሚወቅጥ ሰው ክንዱን ያጥፋል። አሰልጣኙ ደጋግሞ የሚቆጣው ለዚህ ነው፦ ክንድ ይዘረጋል፣ ክብደቱ ከትከሻ ይመጣል። በድሬ ሙቀት ሁለት ደቂቃ መጫን ላብ በላብ ያደርጋል። ሰው ሲደክም ሳያውቀው ጥልቀቱን ይቀንሳል፤ በየ2 ደቂቃው መቀያየር የታዘዘውም ለዚሁ ነው።

ሙያተኛ ያልሆነ ሰው ለአዋቂ ትንፋሹን ትቶ ደረት ብቻ ቢጫን ይበቃዋል። ውኃ የበላው ሰውና ሕፃን ላይ ግን ነገሩ ይለያል። መጀመሪያ ያለቀው ኦክስጅን ስለሆነ ትንፋሹ የግድ ነው። በ1998 ክረምት የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ላየች ድሬዳዋ ይሄ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም።

ሌላ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። የወደቀችው ሴት ከሆነች ወንዱ እጁን ማሳረፍ ይፈራል። በእኛ ከተሞች ይሄ እፍረት ቀላል አይደለም፣ ባሕልም ሃይማኖትም አለበት። ለመጫን ግን ልብስ ማውለቅ አያስፈልግም። እጅ የሚያርፈው በሁለቱ ጡቶች መካከል፣ የደረት አጥንቱ የታችኛው ግማሽ ላይ ነው። እርቃን ቆዳ የሚፈልገው የኤኢዲ ፓድ ነው፤ ያኔም ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ዘርግተው መከለል ይችላሉ። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን ሳይጠየቅ ያነሳል።

ደረት ሳይከፈት ልብን መጫን እንደሚቻል ያሳወቀው ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1960 ከጆንስ ሆፕኪንስ ነው። በዚያው ዘመን አስሙንድ ላርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የአሻንጉሊት አምራች የመለማመጃውን አሻንጉሊት ሠራ። እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ተዘርግታ የምናገኛት እሷን ነው።

በብዛት የሚጠየቀው የአሜሪካ የልብ ማኅበር ካርድ ነው። የክፍል ሥልጠናው ግማሽ ቀን ገደማ ይፈጃል። የእጅ ፈተና በአዋቂና በጨቅላ አሻንጉሊት ላይ አለ፣ ከዚያ 25 ጥያቄ፤ ማለፊያው 84 በመቶ ነው። ንባቡን ኦንላይን መጨረስ ይቻላል፣ የእጁ ፈተና ግን አይቀርም። «ቤትህ ቁጭ ብለህ በአንድ ሰዓት ሰርተፍኬት» የሚል ማስታወቂያ ካየህ ብርህን ያዝ። ዲጂታል ካርዱ ኮድ ስላለው ቀጣሪው ትክክለኛነቱን ራሱ ያረጋግጣል። ሐኪም ላልሆነ ሰው ደግሞ የቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የተሻለ መግቢያ ነው።

ካርዱ ለ2 ዓመት ያገለግላል። መመሪያውም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደረት መጫን ከትንፋሽ በፊት እንዲመጣ ተደረገ። በ2025 ደግሞ የታነቀ አዋቂ መጀመሪያ 5 ጊዜ ጀርባው እንዲመታ፣ ቀጥሎ 5 ጊዜ ሆዱ እንዲገፋ ተባለ፤ ጨቅላን በሁለት ጣት መጫንም ቀረ። ከዚያ በፊት የሠለጠነ ሰው ካርዱ ባያልቅም እነዚህን ማየት አለበት። እጅ ደግሞ ከካርዱ ቀድሞ ይረሳል፤ ጥልቀቱና ፍጥነቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ይበላሻል። አንድ አሻንጉሊት ያለው ዋርድ ተረኞቹን በየሦስት ወሩ ለአምስት ደቂቃ ቢያስጭን፣ በሁለት ዓመት አንዴ ከሚደረገው ሙሉ ክፍል የበለጠ ያተርፋል። ከመመዝገብህ በፊት አሰልጣኙን አንድ ነገር ጠይቀው፦ ለስንት ሰው ስንት አሻንጉሊት አለ? አንድ ለሃያ ሰው ከሆነ፣ የምታየው ሌሎች ሲጫኑ ነው።