ወደ ኬዳርናት ከመነሳት በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኬዳርናት በሰሜን ሕንድ፣ በኡታራካንድ ግዛት፣ በሂማላያ ተራሮች መካከል በ3,583 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ የሂንዱው አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነው። ብዙ ሂንዱዎች ወላጆቻቸውን አንድ ጊዜ ሳያሳልሙ መቅረት አይፈልጉም። ስለ ጉዞው የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ግን ሕይወት ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

«ሄሊኮፕተር ከተገኘ ሌላው ቀላል ነው።»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ከታች ካሉት የፋታ ወይም የሴርሲ መንደሮች የሚነሳው ሄሊኮፕተር ከጎሪኩንድ መንደር የሚጀምረውን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ያስቀራል፤ ከፍታውን ግን አያስቀርም። ከ2,000 ሜትር በታች የቆየ ሰውነት በደቂቃዎች ውስጥ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ በሆነበት ስፍራ ያርፋል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ በመሆኑ፣ ሰው ሲደርስ «ደኅና ነኝ» ብሎ ይዘናጋል። አረጋውያን ደግሞ የልጆቻቸውን ደስታ ላለማበላሸት «ድካም ነው» እያሉ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ደጋግማችሁ ጠይቋቸው። ግራ መጋባት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ወይም ተቀምጦ ማለክለክ ከታየ ሳይዘገዩ መውረድ ግድ ነው፤ ኦክስጅን ጊዜ ይሰጣል እንጂ መውረድን አይተካም። በአየር የወጣ ሰው ተሳልሞ በዚያው ቀን ቢወርድ ይሻላል። ደመና ሸለቆውን ሲዘጋ በረራ ስለሚቋረጥም ትርፍ ቀናት ያዙ።

«ወጣትና ስፖርተኛ አይታመምም።»

ብርታት ከከፍታ ሕመም አይከላከልም። እንዲያውም ጠንካራው ፈጥኖ ስለሚወጣ ሰውነቱ የሚላመድበት ጊዜ ያጣል። የደጋ ሰው ነኝ ማለትም አያዋጣም፤ ኬዳርናት ከአዲስ አበባ እንኳ በ1,200 ሜትር ያህል ይበልጣል። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪም ያማክር።

«የዝናቡ ወቅት ያረጥባል እንጂ አይጎዳም።»

እ.ኤ.አ. በጁን 2013 አጋማሽ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከቤተ መቅደሱ በላይ የነበረው የቾራባሪ ሐይቅ ተደርምሶ በዙሪያው ያለውን ሰፈር ጠራርጎ ወሰደ። በአካባቢው ጎርፍና የመሬት መንሸራተት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ጁላይና ኦገስት ዛሬም መንገዱ በናዳ የሚዘጋባቸው ወራት ናቸው። ምርጫ ካላችሁ ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ኦክቶበር ይሻላል።

«ምዝገባው እዚያ ሲደርሱ የሚያልቅ ነገር ነው።»

የተሳላሚዎች ምዝገባ ግዴታ ነው፤ ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት።

«ቤተ መቅደሱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።»

በኤፕሪል መጨረሻ ወይም በሜይ ይከፈታል፣ በኦክቶበር መጨረሻ ወይም በኖቬምበር ይዘጋል። ቀኑ በሂንዱ የቀን አቆጣጠር ስለሚወሰን በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ የመክፈቻው ቀን የሚታወጀው የሺቫ ታላቅ በዓል በሆነው በማሃ ሺቫራትሪ ነው። ሲዘጋም አምልኮው አይቋረጥም። የአምላኩ ምስል በአጀብ ወርዶ ከታች ባለችው በኡኪማት ከተማ በሚገኘው የኦምካሬሽዋር ቤተ መቅደስ ይከርማል። ኡኪማት ከፍታዋ 1,300 ሜትር አካባቢ ሲሆን መኪና ይገባል። ሐኪም ከፍታ የከለከላቸው እናትና አባት በክረምት እዚያ ሄደው መሳለም ይችላሉ።