"ሳይቃጠል በቅጠል"፦ የትኛው ቅጠል?

በቀደም ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። መድረኩን የያዘው ሰውዬ የ12ኛ ክፍል ውጤት አሳስቦታል። ልክ ነው፣ ያሳስባል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መፍትሔው? ቅዳሜና እሁድ የማጠናከሪያ ትምህርት። "አባቶቻችን 'ሳይቃጠል በቅጠል' ያሉት ለዚህ ነው!" አለና ተጨበጨበለት። እኔ አያቴ ትዝ አለችኝና ሳቄ መጣ።

ብዙ ሰው አባባሉን ከእሳት ማጥፋት ጋር ያያይዘዋል። እሳቱ ሳይበረታ በእርጥብ ቅጠል መታ መታ ማድረግ ነው ይላል። እሳት ከተነሳማ መቃጠሉ ተጀምሯል እኮ! ታዲያ "ሳይቃጠል" ምን ማለት ነው? እኔ ከድፎ ዳቦ ነው የመጣው ባይ ነኝ። ያሉትም አባቶቻችን ሳይሆኑ እናቶቻችን ናቸው። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ያለችኝ አያቴ ብቻ ናት።

ቤቷ ውራሚት ነበር፣ የጣና ነፋስ ጓሮዋን አቋርጦ የሚያልፍበት። ጓሮው ውስጥ ቡና አለ፣ ጌሾ አለ፣ ጥግ ላይ ኮባ። የበዓል ዋዜማ ቡሆው ኩፍ ማለት ሲጀምር ወደ ኮባው እላካለሁ። "የተተረተረውን እንዳታመጣብኝ!" ትለኛለች። ነፋስ የኮባን ቅጠል እንደ ጋቢ ዘርፍ ይበጣጥሰዋል፤ ሙሉውን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እሷ ወፍራሙን አከርካሪ በቢላ ታነሳና ቅጠሉን እሳት ታሳየዋለች። ወዲያው ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ቤቱን ያ ሽታ ይሞላዋል። (ያን ሽታ የማያውቅ ሰው ዳቦ በልቻለሁ ባይል ደስ ይለኛል።) ከዚያ ምጣዱ ላይ እያነባበረች ታነጥፋለች። ጠርዙ እንኳ አይቀራትም። ቡሆው ይገለበጥበታል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ ከላይ እሳት ከታች እሳት።

አንድ ጊዜ ጨዋታ አጓጉቶኝ ጥቂት ቅጠል ብቻ ይዤ መጣሁ። "ይበቃል" ብዬም ተከራከርኩ። ዳቦው ሲወጣ አንዱ ጎኑ ከሰል። ደንግጬ ሮጥኩና አንድ ትልቅ ቅጠል ቆርጬ አመጣሁ። አያቴ እስኪያማት ሳቀች። "አሁን ምን ልታደርገው ነው? ልታለብሰው?"

ይኸው ነው። ቅጠሉ የሚነጠፈው ከሊጡ በፊት ነው።

የትምህርቱ ቅጠል ደግሞ የሚነጠፈው ገና በ5 እና በ6 ዓመት ነው። የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የ2 ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አስቀምጧል። አያቴ ብትሰማ ሁለት ነገር ትጠይቅ ነበር። ቅጠሉ ሙሉ ነው? ምጣዱን ሸፍኗል?

የተተረተረውን አይቻለሁ። አንድ ኦ ክፍል ውስጥ (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል ነው) ለትልልቅ ልጆች በተሠራ ዴስክ ላይ ሕፃናት ተደርድረዋል፣ እግራቸው መሬት አይደርስም። ተረት የለ፣ እንቆቅልሽ የለ፣ ጨዋታ የለ። ሀሁ በጩኸት፣ ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ። ተከፍሎባቸው የሚማሩትም ብዙ አልተሻሉም። የ4 ዓመት ልጅ የቤት ሥራ ታቅፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። የዚያ ዕድሜ ልጅ እየነካካ፣ እየጠየቀ፣ እየዘፈነ ነው የሚማረው። ይህን የሚያውቅ፣ ለዚሁ የሠለጠነ መምህር ይፈልጋል።

ሽፋኑስ? ከተማ ውስጥ ለከፈለ መዋዕለ ሕፃናት አይጠፋም። ጣና መሃል፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለውስ ልጅ? እናቱ ጉልት ቸርቻሪ የሆነችው፣ ከጎኗ አፈር ሲጭር የሚውለውስ? ያረረው ጎን ቅጠል ያልደረሰበት ጎን ነበር፤ ሊጡማ አንድ ነው።

የማጠናከሪያ ትምህርት አይሰጥ አላልኩም። ይሰጥ፣ ልጆቹ ምን አጠፉ። ግን ሰውዬው የኮባ ቅጠሌን ይመልስልኝ። ለ12ኛ ክፍል የሚሆን ተረት ሞልቷል። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ፣ ለምሳሌ።